የእጅ ባትሪን ጆሮ ሥር ማሰር የግንባር መብራት ያደርገዋል?

እህቴ አዋላጅ ነርስ ናት፤ የምትሠራው ከከተማ ራቅ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ደወለችልኝ። ገበያ ላይ ከላስቲክ የተሠራ የራስ ማሰሪያ አይታለች። ጎኑ ላይ ቀለበት አለው፤ ማንኛውንም ቀጭን የእጅ ባትሪ እዚያ ውስጥ ሰክቶ ጆሮ አጠገብ ማሰር ይቻላል። ማሸጊያው ባትሪዎን ወደ ግንባር መብራት እቀይራለሁ ይላል። ዋጋው የእውነተኛው የግንባር መብራት ሩብ እንኳን አይሞላም። «ፊዚክስ አይደል የምታስተምረው? እስቲ ንገረኝ፣ ይሄ ነገር ይሠራል?» አለችኝ።

ለምን እንደጠየቀች ለመረዳት ሌሊት መብራት የጠፋበትን ማዋለጃ ክፍል ማሰብ ይበቃል። ሁለቱም እጆቿ ጓንት ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም ሥራ ላይ ናቸው። ብርሃኑን ማን ይያዝላት? አንዳንዴ የሥራ ባልደረባዋ፣ አንዳንዴ ወላዷን ይዛ የመጣች አማት። አማትየዋ ደም አይታ ፊቷን ስታዞር ብርሃኑም አብሮ ይዞራል። ሰው ከጠፋ ደግሞ ስልኳ በአገጯና በትከሻዋ መሃል ይገባል። ስለዚህ ጥያቄው የዕቃ ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ስፌቱ የት ላይ እንደሚያርፍ የሚወስን ነው።

ማሰሪያውን ገዝቼ ለተወሰኑ ምሽቶች ቤት ውስጥም ደጅም ሞከርኩት። መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎ፦ እጅን ነጻ ያወጣል፣ እሱ እውነት ነው፣ ትልቅ ነገርም ነው። የግንባር መብራት ግን አያደርገውም። የግንባር መብራት ማለት ራስ ላይ የወጣ ባትሪ ማለት ቢሆን ኖሮ ሻጮቹ ትክክል ነበሩ። ለነገሩ እኛም በቋንቋችን ነገሩን ትንሽ አደባልቀነዋል። መብራቱን «ባትሪ» እንለዋለን፣ እውነተኛውን ባትሪ ደግሞ «ድንጋይ»። በዚህ ጽሑፍም እንደ ልማዳችን ባትሪ ስል መብራቱን ነው።

አሁን አንድ ነገር ይሞክሩ። የእጅ ባትሪዎን ቀኝ ጆሮዎ አጠገብ ቀጥ አድርገው ይያዙና ከግድግዳ 40 ሴንቲሜትር ያህል ርቀው ይቁሙ። ይህ ሰው ሲሰፋ፣ ሲጠግን ወይም ሲያነብ ዓይኑ ከሥራው የሚርቀው ርቀት ነው። ፊት ለፊትዎ ያለውን ነጥብ ሲመለከቱ ደማቁ ክብ የት አረፈ? ከሚያዩት ቦታ በስተቀኝ፣ የመዳፍ ስፋት ያህል ርቆ። ከሁለቱ ዓይኖችዎ መሃል እስከ ባትሪው 9 ሴንቲሜትር ያህል ስላለ ነው። ጨረሩ ከእይታዎ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል እንጂ አይገናኝም።

«ታዲያ ወደ ውስጥ አዘንብለው» ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ 13 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብሉት 40 ሴንቲሜትር ላይ ከእይታዎ ጋር ይገናኛል። ግን መስመሮቹ እዚያ ተገናኝተው አይቆሙም፣ ተላልፈው ይሄዳሉ። ቀና ብለው 5 ሜትር ላይ ያለውን በር ቢያዩ ብርሃኑ አሁን በግራዎ በኩል፣ ከሚያዩበት አንድ ሜትር ያህል ወጥቶ ያገኙታል። በሌላ አነጋገር ጎን ላይ የታሰረ ባትሪ ለአንድ ርቀት ብቻ ነው የሚስተካከለው። እጃችን ይህን ስሌት ሳናስበው በየሰከንዱ ይሠራልናል፤ ላስቲክ አይሠራም። እውነተኛው የግንባር መብራት ችግሩን የሚያቃልለው በሁለት መንገድ ነው፦ ከሁለቱ ዓይኖች በላይ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ብርሃኑን ደግሞ ሰፋ አድርጎ ይረጫል። ትንሽ ቢስት እንኳን ሥራዎ ከብርሃኑ አይወጣም።

ፍርዴ ሚዛናዊ እንዲሆን አንድ ነገር ለማሰሪያው ልመስክርለት። ብርሃን ትንሽ ከጎን ሲመጣ አጭር ጥላ ይሠራል፣ ጥላ ደግሞ ቅርጽን ያሳያል። መርፌ ላይ ክር ሳስገባ፣ የተበላሸ የማከፋፈያ ሶኬት ስፈታ፣ ከግንባር መሃል ከሚመጣው ብርሃን ይልቅ የጆሮ ሥሩ ወድጄዋለሁ። የብሎኑ ጥርስ ጎልቶ ይታያል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ በቀስታ፣ ራስን ብዙ ሳያንቀሳቅሱ ለሚሠራ ሥራ ይህ ዕቃ ከዋጋው በላይ ይሠራል።

ጠለቅ ያለ ነገር ውስጥ ማየት ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። 10 ሴንቲሜትር የሚጠልቅ፣ አፉ 4 ሴንቲሜትር የሆነ ጣሳ ያስቡ። ብርሃኑ በ13 ዲግሪ ተጣሞ ሲገባ ታች እስኪደርስ ድረስ ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ስለዚህ ከጣሳው ወለል ግማሽ በላዩ ጨለማ ነው። የጣሳውን ግድግዳ ግን እያበራለት ነው! እህቴ የምትሰፋው ቁስል ደግሞ ጠፍጣፋ ወረቀት አይደለም። ሐኪሞች ይህን ካወቁት ቆይቷል። ሄርማን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 የዓይንን ውስጥ ማሳያ መሣሪያ ሲያስተዋውቅ ቁልፉ ሐሳብ ይኸው ነበር፦ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ለማየት ብርሃኑ መግባት ያለበት በራሱ በእይታው መስመር ነው። በድሮ ፎቶዎች ላይ ሐኪም ግንባሩ ላይ ክብ መስታወት አድርጎ አይተው ይሆናል። መስታወቱ መሃሉ ላይ ቀዳዳ ነበረው፤ ሐኪሙ በቀዳዳው ያያል፣ ከመስታወቱ የሚመለሰው ብርሃን ደግሞ በዙሪያው አብሮ ይገባል። ለጌጥ የተደረገ አልነበረም። የዛሬዎቹ የቀዶ ሕክምና መብራቶችም በሁለቱ ዓይኖች መሃል፣ በተቻለ መጠን ከእይታው ጋር ተጠግተው የሚቀመጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

ማሰሪያውን የሚሸጡልን ሰዎች ስለ ብርሃን ጥንካሬም ያስቡበት አይመስለኝም። የእጅ ባትሪ የተሠራው ሩቅ ለማሳየት ነው። ማሸጊያው ላይ «100 ሜትር» የሚል ቁጥር ካዩ ትርጉሙን ማወቅ ይጠቅማል። ኤፍኤል 1 በሚባለውና አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው መለኪያ መሠረት፣ ይህ ቁጥር ብርሃኑ ወደ 0.25 ሉክስ የሚወርድበት ርቀት ነው፤ ጥርት ባለ ሌሊት ሙሉ ጨረቃ መሬት ላይ የምታሳርፈውን ያህል ማለት ነው። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ሩብ ይሆናል፤ ርቀቱ ሲያጥር ደግሞ በዚያው ልክ ያሻቅባል። ወደ ኋላ ብናሰላው 100 ሜትር የሚደርስ ባትሪ መሃሉ 2500 ካንዴላ ያህል አለው። ያንኑ 40 ሴንቲሜትር ላይ ቢያበሩት 15000 ሉክስ ይጠጋል። ጥሩ የቢሮ ጠረጴዛ የሚያስፈልገው 500 ሉክስ ያህል ነው። ሠላሳ እጥፍ መሆኑ ነው!

«ብዙ ብርሃን ምን ይጎዳል?» አይበሉ። የዓይንዎ ብሌን ለደማቁ ክብ ብሎ ይጠባል፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ ይጨልማል። ነጭ ጨርቅ ወይም የሚያብረቀርቅ ብረት መሃል ካለ ጭራሽ ያንጸባርቅብዎታል። እኔ መጽሐፍ ላይ ስሞክረው ሦስት ቃል ብቻ ነበር የማነበው፤ የቀረው ገጽ የለም። መፍትሔው ርካሽ ነው። ነጭ ፌስታል ሁለት እጥፍ አድርገው በባትሪው አፍ ላይ በላስቲክ ቢያስሩት ጨረሩ ይበተናል፣ ሥራዎ በሙሉ በአንድ ዓይነት ለስላሳ ብርሃን ይታያል። ባትሪውን ግን በዝቅተኛው ደረጃ ያብሩት፤ በከፍተኛው ፌስታሉ ሊቀልጥ ይችላል።

ስለ ክብደት የሚወራው ላይ ከብዙዎች እለያለሁ። አንገት ያማል ይላሉ። የአዋቂ ሰው ራስ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ 120 ግራም የሆነ ባትሪ ከዚያ ላይ 3 በመቶ ያህል ቢጨምር ነው። አንገት ይህን ይችለዋል። የማይችለው ላስቲኩ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ራስን ዙሪያውን ብቻ የሚያስር ላስቲክ ባትሪውን ከመውደቅ የሚያግደው በሰበቃ ብቻ ነው። ሰበቃ እንዲኖር ደግሞ መጫን አለበት። ፀጉር ላይ ወይም ሻሽ ላይ ያለውን ልስላሴ ካሰብነው፣ 120 ግራም እንዳይወርድ ለመያዝ በትንሹ የ400 ግራም ያህል ጫና ያስፈልጋል። ጎንበስ ቀና ሲሉ ከዚያ በላይ። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው፦ አላልተውት ይንሸራተታል፣ አጥብቀውት ከአንድ ሰዓት በኋላ ጆሮ ግንድዎን ያምዎታል። እኔ ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ።

ለዚህ ነው በአናት ላይ የሚያልፍ ሁለተኛ ላስቲክ ያለው ማሰሪያ የተሻለ የሚሆነው። አናት ላይ ሲንጠለጠል ክብደቱን የሚሸከመው ሰበቃ መሆኑ ይቀርና የላስቲኩ ውጥረት ይሆናል፤ ዙሪያው ያን ያህል መጥበቅ የለበትም። የገዛሁት ይህ የለውም ነበር። ከሱሪ ላስቲክ ቆርጬ ሰፋሁበት፤ ከካላማዳሪ የተቆረጠ ቀጭን ጎማም ይሆናል፣ ሻሽ ላይ እንዲያውም የተሻለ ይይዛል፣ ሽታውን ከቻሉት።

እዚህ ላይ የማዕድን ቆፋሪዎችን ታሪክ ማስታወስ ይገባል፤ ሁለት እጅ ነጻ የሚያደርግ ብርሃን ከእነሱ በላይ ያስፈለገው የለምና። መጀመሪያ ትንንሽ የዘይት ኩራዝ ባርኔጣቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር፣ በኋላ በካልሲየም ካርባይድና በውሃ የሚሠራውን የጋዝ መብራት። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ድንጋዩ ከባድ ሆነ። ቶማስ ኤዲሰን በ1910ዎቹ ለቆፋሪዎች ያቀረበው መብራት ይህን የፈታው መብራቱን ለሁለት በመክፈል ነው። ከባዱ ድንጋይ ቀበቶ ላይ ቀረ፣ ቀላሉ መብራት ብቻ በሽቦ ተያይዞ ባርኔጣ ላይ ወጣ። ዛሬም ጥሩ የሚባሉ የግንባር መብራቶች ድንጋዩን ከማጅራት በላይ፣ መብራቱን ከፊት አድርገው ያመዛዝናሉ። ማሰሪያው ይህን መቶ ዓመት የሞላው ትምህርት ዘልሎ፣ ድንጋዩንም ብረቱንም መብራቱንም በአንድ ጎን ያንጠለጥላል። በጣም ቀጭን፣ ባለ አንድ ትንሽ ድንጋይ ባትሪ ካልሆነ በቀር አይመከርም። ተራው ትንሹ የአልካላይን ድንጋይ 23 ግራም ያህል ብቻ ነው። ትልቁ፣ በሬዲዮ የምናውቀው ወፍራሙ ግን እያንዳንዱ 140 ግራም ያህል ስለሚመዝን እሱን ራስዎ ላይ ለማሰር እንኳን አያስቡ።

ሙቀቱም አለ። ኤልኢዲ ቁጥብ ነው ቢባልም ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በላዩ ሙቀት ይሆናል። ባትሪው እጅ ላይ ሲሆን ደማችን እንደ መኪና ራዲያተር ውሃ ሙቀቱን ይዞለት ይሄዳል፤ ትንሽ ሲሞቅም እናውቃለን። በጨርቅ ተጠቅልሎ ጆሮ ሥር ሲታሰር የሚያበርደው የለም። በዝቅተኛ ደረጃ ችግር የለውም፣ በከፍተኛው ግን ብረቱ ቆዳ እስኪለበልብ ሊደርስ ይችላል። በተለይ 18650 የሚባለውን የሊቲየም ድንጋይ የሚጠቀሙ ከሆነ ጽሑፉን ያንብቡ። «9900 ሚሊአምፔር ሰዓት» የሚል ከሆነ ውሸት ነው፤ በዚህ መጠን ከሚሠሩት ምርጦቹ እንኳን ከ4000 ብዙም አያልፉም። ስለ አቅሙ የዋሸ ፋብሪካ ስለ ደኅንነቱ እውነት ይናገራል ብዬ ጆሮዬ ሥር አላስርም።

አሁን ደግሞ ተነስተን እንራመድ። እኔ ራሴ የተቀጣሁት እዚህ ላይ ነው። አንድ ምሽት ማሰሪያውን እንዳደረግሁ ግቢ ውስጥ ልሞክረው ወጣሁ፤ ብርሃኑ በቂ ነበር፣ ድንጋዩንም አይቼዋለሁ፣ ከፍታው ግን አልታየኝም። ቁርጭምጭሚቴ ለሁለት ሳምንት አበጠ። ምክንያቱ ግልጽ የገባኝ እግሬን በረዶ ላይ አድርጌ ወረቀት ላይ ሳሰላው ነው። ዓይናችን ከመሬት 160 ሴንቲሜትር ላይ ነው እንበል። 4 ሜትር ፊት 10 ሴንቲሜትር የሚሆን ድንጋይ አለ። መብራቱም 160 ላይ ከሆነ ከድንጋዩ ኋላ 27 ሴንቲሜትር ያህል ጥላ ይጥላል፤ ችግሩ ያ ጥላ ሙሉ በሙሉ በድንጋዩ ተሸፍኗል፣ ከዓይናችን ተደብቋል። ድንጋዩ መሬት ላይ የተሳለ ሥዕል ይመስላል። ባትሪውን ወገብ ላይ፣ 90 ሴንቲሜትር ላይ ብንይዘው ግን ጥላው 50 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ከዚያ ውስጥ 23ቱ ለዓይናችን ይታያል። «ጉብታ አለ፣ እግርህን አንሳ» የሚለን ያ ጥቁር ጥላ ነው። ይህ ጉድለት የእውነተኛው የግንባር መብራትም ነው፤ ማሰሪያውን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይሆንም። ልዩነቱ፣ የእጅ ባትሪ የነበረውን ይህን ጥቅም ማሰሪያው ገፎት መሄዱ ነው።

ጉምና አቧራም እንዲሁ። ጣርማበርን በጉም ያቋረጠ ሹፌር ይጠይቁ፤ ረጅሙን መብራት ማብራት ነጭ ግድግዳ መገንባት ነው ይልዎታል። ብርሃኑ ከዓይን አጠገብ ሲነሳ የጉሙ ጠብታዎች መልሰው ዓይን ውስጥ ይረጩታል። ባትሪው ዝቅ ብሎ በእጅ ሲያዝ ይህ ይቀንሳል። በብርድ ሌሊት የገዛ ትንፋሽዎ እንኳን ይበቃል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ብቻ። ነጭ ኤልኢዲ በመሠረቱ ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ የተቀባው ቢጫ ዱቄት ነው ነጭ የሚያስመስለው። ለሰማያዊው ኤልኢዲ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል፣ ይገባቸዋልም። ግን በርካሹ ዓይነት ውስጥ ደማቅ ቀይ ብርሃን በጣም አነስተኛ ነው። በርበሬ በነጭ ሰሃን አድርገው አንዴ በፀሐይ አንዴ በባትሪዎ ይዩት፤ ወደ ቡናማ ካዘነበለ ባትሪዎ ቀይን በደንብ አያሳይም። ለሶኬት ጥገና ምንም ማለት አይደለም። የአራስ ሕፃንን ከንፈር አይቶ «ቀልቷል ወይስ ጠቁሯል» ለሚል ሰው ግን ብዙ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለእህቴ በስልክ ስነግራት እሷ ያነሳችው እኔ ያላሰብኩትን ነበር። «ባትሪው ሲንሸራተትብኝ በየትኛው እጄ ነው የማስተካክለው?» አለች። እውነቷን ነው። መብራት ሲንሸራተት የሰው እጅ ሳያስብ ወደ ግንባሩ ይሄዳል። ጓንት ያደረገ እጅ ላብ የጠጣ ላስቲክ ነክቶ ወደ ቁስል ሲመለስ፣ ያ ጓንት ከዚያ በኋላ ንጹሕ አይደለም። ደም የረጨበትን ጨርቅ ላስቲክ ደግሞ እንደ ፕላስቲክ በበረኪና ጠረግ አድርጎ ለሚቀጥለው መጠቀም አይቻልም፤ ፈሳሹን መጥጦ ይይዘዋል። ቀጥላም «ቀና ብዬ ወላዷን ሳናግራት ዓይኗ ውስጥ ነው የማበራው» አለችኝ። እኔም ሰው ሳናግር ስንቱን እንዳሳወርኩ ያኔ ነው የገባኝ።

በመጨረሻ ሁለት ነገር ላክሁላት። አንዱ አናት ላይ ሁለተኛ ላስቲክ የሰፋሁበት ማሰሪያ ነው፣ ከቀጭን ባለ አንድ ድንጋይ ባትሪና ከፌስታል መበተኛው ጋር፤ መዝገብ ለመጻፍ፣ መድኃኒት ከመደርደሪያ ለመፈለግ፣ ካርድ ለማንበብ። ሌላው እውነተኛ የግንባር መብራት ነው። መብራቱ ግንባር መሃል፣ ድንጋዩ ከኋላ፣ ማሰሪያው የሚጠረግ ጎማ፤ ጓንት ከማድረጓ በፊት አቅጣጫውን ታስተካክለዋለች፣ ከዚያ አትነካውም። ለስፌት እሱን ብቻ እንድትጠቀም አደራ አልኳት። ዋጋው አራት እጥፍ በላይ ነው፤ ለጤና ጣቢያው ስንት እንደሚያስፈልግ ቆጥራ የግዥ ጥያቄ ጽፋለች።

ባለፈው ስደውልላት ማሰሪያውን የወሰደው ዘበኛው እንደሆነ ነገረችኝ። ላስቲኩን የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፎች አስሮበታል፤ ባትሪውን በእጁ ይዞ ነው ግቢውን የሚዞረው፣ ወገቡ አካባቢ፣ ዝቅ አድርጎ።